ለሰለቸ እጅ የተጻፉ ስክሪፕቶች

በ1972 የአሜሪካው ቤል ላብስ ባልደረባ ማርክ ሮችካይንድ ፕሮግራመር ሁሉ ለሚያውቀው ሕመም መድኃኒት ፈለገ። (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕመሙ ይህ ነው፦ ትናንት ደህና ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ እምቢ ይላል፤ ማን ምን እንደነካካ የሚያስታውስ የለም፤ የትናንቱ ቅጂም ዛሬ ሌላ ተጽፎበት ጠፍቷል። ሮችካይንድ የሠራው ኤስሲሲኤስ የተባለ መሣሪያ በአንድ ፋይል ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ ከነባለቤቱና ከነቀኑ መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ሲፈለግም የድሮውን ቅጂ መልሶ ያወጣል። ዛሬ ቨርዥን ኮንትሮል የሚባለው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከአሥር ዓመት በኋላ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዋልተር ቲቺ አርሲኤስን ይዞ መጣ። የእሱ መሣሪያ የመጨረሻውን ቅጂ ሙሉውን አስቀምጦ የቀደሙትን በልዩነታቸው ብቻ ስለሚይዝ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አዲሱ ቅጂ ሳይዘገይ ይወጣል።

ሁለቱም ግን ቁልፍ ይወዱ ነበር። ፋይል ማስተካከል የፈለገ ሰው ይቆልፈዋል፤ ሥራውን ጨርሶ እስኪመልሰው ድረስ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ቆላፊው ረስቶት ለዕረፍት ከከተማ ከወጣ ፋይሉ እንደተቆለፈ ይከርማል።

ይህ ቁልፍ አምስተርዳም ላይ ለሦስት ሰዎች ጨርሶ አልሆነም። በ1984 በከተማዋ «ነፃ ዩኒቨርሲቲ» የሚያስተምረው ዲክ ግሩን ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠራ ነበር። የሦስቱ ሰዓት አይገጥምም። አንዱ ተማሪ እንደ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠዋት ገብቶ ማታ የሚወጣ ነው፤ የሌላው መምጫና መሄጃ አይታወቅም፤ ግሩን ራሱ ደግሞ ጊዜ የሚያገኘው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ቁልፉ አንዱ ጋ ከቀረ የሁለቱን ቀን ውሃ በላው። ግሩን ታዲያ አዲስ ሥርዓት ከባዶ አልገነባም። አርሲኤስን እንዳለ ትቶ በላዩ የሼል ስክሪፕቶች ጻፈ፤ ማለትም ሰው በየጊዜው በእጁ የሚጽፋቸውን ትእዛዞች በቅደም ተከተል የያዙ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቅጂ ላይ ይሠራል፤ ስክሪፕቶቹ የሦስቱን ሥራ ያዋህዳሉ፤ አልዋሃድ ያለ ቦታ ሲገጥማቸው ይናገራሉ። መጀመሪያ ሲኤምቲ አላቸው፣ «ኮሚት» ከሚለው ቃል አሳጥሮ፤ ለውጥን መመዝገብ፣ የተመዘገበውም ለውጥ ኮሚት ይባላል። በ1986 ሲቪኤስ በሚል ስም ለሕዝብ ተለቀቁ።

በ1989 ብራያን በርሊነር ሥራውን በሲ ቋንቋ እንደ አዲስ ጻፈው። ሲቪኤስም ለዓመታት የነፃ ሶፍትዌር ዓለም መዝገብ ቤት ሆኖ ኖረ። በውስጡ የሦስት ሰዎች የማይገጥም የሰዓት ሠሌዳ እንዳለበት የሚያስታውስ ግን አልነበረም። አንድ ሰው ይሰለቸዋል፣ ስክሪፕት ይጽፋል፣ ስክሪፕቱ ይወደዳል፣ ከዚያ በጠንካራ ቋንቋ ተተክቶ መነሻው ይረሳል። ይኸው ጉዞ ከዚህ በኋላም ደጋግሞ ይመጣል።

ሲቪኤስን አምርረው ከሚጠሉት አንዱ ሊኑስ ቶርቫልድስ ነበር። የሊኑክስን ከርነል ከ1991 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ የመራው ያለ ምንም ቨርዥን ኮንትሮል ነው። የለውጥ ሐሳብ ፓች ሆኖ በኢሜይል ይመጣለታል፤ አንብቦ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ፓቹ ሲበዛ፣ ሳይነበብ የሚጣለውም በዛ፤ ቅሬታውም አብሮ ጨመረ። ከቅርብ አጋሮቹ አንዱ የነበረው አንድሩ ሞርተን በመቶ የሚቆጠሩ ፓቾችን በአንድ ጊዜ ተሸክሞ ስለሚኖር፣ እንደ እንጀራ እየደራረበ የሚያስቀምጣቸውና ከላይ እያነሣ የሚያወርዳቸው የሼል ስክሪፕቶች ለራሱ ጻፈ። እነዚያም ስክሪፕቶች ዕጣቸው ያው ሆነ፤ በሌሎች እጅ አድገው ኩዊልት የሚባል የራሱ ስም ያለው መሣሪያ ሆኑ።

በ2002 መጀመሪያ ቶርቫልድስ ቢትኪፐር ወደተባለ የንግድ ሶፍትዌር ገባ። የኩባንያው መሪ ላሪ ማክቮይ ለነፃ ሶፍትዌር ሠራተኞች ያለ ክፍያ ሰጣቸው፤ ነገር ግን በነፃ የሚጠቀም ሰው ተፎካካሪ መሣሪያ እንዳይሠራ የሚከለክል ውል ነበረው። ስምምነቱ ሦስት ዓመት ቆየ። ከዚያ፣ በሳምባ ፕሮግራም የሚታወቀው አውስትራሊያዊ አንድሩ ትሪጅል ከቢትኪፐር ሰርቨር ጋር የሚነጋገር የራሱን መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ ማክቮይም ስጦታውን መልሶ ወሰደ። ትሪጅል ምን ዓይነት ጥልቅ ምርመራ እንዳካሄደ ብዙ ተወራ። ኤፕሪል 2005 ካንቤራ ላይ በተካሄደው የሊኑክስ ጉባኤ ራሱ በተግባር አሳየው፦ በቴልኔት ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘና «ሄልፕ» ብሎ ጻፈ። ሰርቨሩም የሚያውቃቸውን ትእዛዞች ዘረዘረለት። ካዝና ተሰበረ የተባለው፣ ለካ ሰውየው ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ነው።

ጉባኤው ሲደረግ ግን ቶርቫልድስ ነገሩን ትቶ ርቆ ሄዷል። ኤፕሪል 3 አዲስ መሣሪያ መጻፍ ጀመረ፤ ኤፕሪል 7 መሣሪያው የራሱን ኮድ መዘገበ። ስሙን ጊት አለው፤ በእንግሊዞች የመንደር አነጋገር የማይረባ ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። በዚያ የመጀመሪያ ኮሚት ውስጥ ያሉት 11 ፋይሎች ብቻ ናቸው፤ ተገንብተው የሚወጡትም 7 ትንንሽ ፕሮግራሞች።

ሰባቱ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት አንዲት ለውጥ መመዝገብ የፈለገ ሰው የሚሄድበት መንገድ ይህን ይመስላል። የተቀየሩትን ፋይሎች ለአንደኛው ፕሮግራም ያስመዘግባል። ሁለተኛው የፋይሎቹን ዝርዝር አጠናቅሮ 40 ሆሄ ያለው መለያ ስክሪኑ ላይ ይጥልለታል። ያን 40 ሆሄ ገልብጦ፣ የቀደመውን ኮሚት 40 ሆሄ ጨምሮ፣ መልእክቱን ጽፎ ለሦስተኛው ይሰጣል። ሦስተኛው በምላሹ ሌላ 40 ሆሄ ያወጣል። ይህን የመጨረሻውን ደግሞ «ሄድ» በተባለው ፋይል ውስጥ በራሱ እጅ ማስገባት አለበት፤ ከረሳው ኮሚቱ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ለአንድ ኮሚት ይህ ሁሉ! በቀን ሃያ ለውጥ ለሚመዘግብ ሰው ውሃ ወቀጣ ነው።

ይህ የመጣው በጥድፊያ ብቻ አልነበረም። ቶርቫልድስ መሠረቱን ሠርቶ ለሰው የሚመቸውን ቤት ሌሎች በላዩ እንዲያቆሙት ፈልጎ ነበር። የጊት ሰዎች ይህን ልዩነት የሚጠሩበት ስም እስከ ዛሬ አለ። ከታች ያሉት ፕሮግራሞች «ፕለምቢንግ» ይባላሉ፣ ግድግዳ ውስጥ እንደተቀበረ ቧንቧ፤ ሰው የሚነካቸው ትእዛዞች ደግሞ «ፖርሴሊን» ናቸው፣ መታጠቢያ ቤት እንደሚታየው ነጭ ሸክላ። በዚያ ጊዜ ሸክላው ሁሉ ስክሪፕት ነበር። ቼኩ ፔትር ባውዲሽ ኤፕሪል ሳያልቅ የመጀመሪያውን የስክሪፕት ስብስብ አደረሰ፤ ኮጊቶ ተብሎም ለሁለት ዓመት ያህል ብዙዎች ጊትን የሚነኩት በእሱ በኩል ሆነ። በራሱ በጊት ውስጥም ስክሪፕቱ በረከተ። የትእዛዞቹ ስም እንኳ አላፈረበትም፤ «ጊት ኮሚት ስክሪፕት»፣ «ጊት ፑል ስክሪፕት» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው።

ስክሪፕቱ ሲበዛ አንድ አሰልቺ ነገር ብቅ አለ። እያንዳንዳቸው ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ የጊት ማኅደር የት ነው ያለው? በእርግጥ ማኅደር ነው ወይስ ባዶ ፎልደር? ካልሆነ ስሕተቱን ተናግሮ ማቆም። ይኸው መግቢያ ከፋይል ወደ ፋይል ይገለበጥ ነበር። በ2005 ክረምት እነዚህ መስመሮች ተለቅመው አንድ ፋይል ውስጥ ገቡ፤ ዛሬ «ጊት ኤስኤች ሴትአፕ» የሚባለው ነው። ብቻውን ቢጠሩት ምንም አይሠራም። ሌሎቹ ስክሪፕቶች መግቢያቸው ላይ ይጭኑታል፣ እሱም ቦታውን አጣርቶ ያዘጋጅላቸዋል። «ዳይ» የምትባል ትንሽ ተግባርም ሰጣቸው፤ ሥራዋ የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ መሞት ነው። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ተጨመሩበት፦ ያልተመዘገበ ሥራ ካለ አላሳልፍም የሚል፣ ወደ ፕሮጀክቱ ራስጌ የሚወስድ፣ ተጠቃሚው የሚወደውን ጽሑፍ ማረሚያ ፈልጎ የሚከፍት። ስለ ጊት ታሪክ ሲወራ ይህ ፋይል አይነሣም። የእነዚያን ዓመታት ጊት ያለ እሱ ማሰብ ግን ያስቸግራል።

ጁላይ 26 ቶርቫልድስ ጊትን ጁንዮ ሐማኖ ለተባለ ፕሮግራመር አስረከበ። ሴፕቴምበር ላይ «ስክሪፕት» የሚለው ቅጥያ ከትእዛዞቹ ስም ላይ ተቆረጠ። ምክንያቱ ቀላል ይምሰል እንጂ ብልህ ነበር፤ ተጠቃሚው በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ ማወቅ ካላስፈለገው፣ ነገ በሌላ ቋንቋ ቢተካም አያውቅም። ዲሴምበር 21 ቀን 2005 ጊት 1.0 ወጣ።

ከዚያ ዘመን ስክሪፕቶች ሁሉ ትልቁ ምስጋና የሚገባው «ቢሴክት» ነው። አንድ ፕሮግራም ባለፈው ወር ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ተበላሽቷል፣ መሐል ላይ 1000 ኮሚት አለ እንበል። ቢሴክት መሐለኛውን አውጥቶ «ይኸኛው ደህና ነው ወይስ ብልሹ?» ይላል። መልሱ ግማሹን ከጥርጣሬ ነፃ ያወጣዋል። የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። በአሥር ጥያቄ ገደማ ጥፋተኛው ኮሚት ይያዛል። በ2007 ክርስቲያን ኩዴ «ራን» የሚለውን ትእዛዝ ሲጨምርበት ሰው መልስ መስጠቱም ቀረ። ፕሮግራመሩ ትንሽ የመፈተሻ ስክሪፕት ይሰጠዋል፤ ስክሪፕቱ 0 ብሎ ከወጣ ደህና፣ 1 ካለ ብልሹ፣ 125 ካለ ደግሞ «ይኸን መፈተን አልቻልኩም፣ እለፈው» ማለት ነው። ሰውየው ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ሲነሣ የጥፋተኛው ስም ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይጠብቀዋል። አንዳንዴ የራሱ ስም ነው።

በዚያው በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቶም ፕሬስተን ወርነር ጊትን ከሩቢ ቋንቋ ሆኖ ማዘዝ ፈለገና ግሪት የተባለች ረዳት ሞጁል ጻፈ። የግሪት አሠራር የስንፍና ጥበብ ነው። ጊት ያሉትን ብዙ ትእዛዞች አንድ በአንድ ወደ ሩቢ ማምጣት ወራት ይፈጃል። ሩቢ ግን የማታውቀው ተግባር ስትጠራ ጥሪውን ወደ አንድ ቦታ አሳልፋ የምትሰጥበት መንገድ አላት። ግሪት እዚያ ቦታ ላይ ተቀመጠች። የመጣውን ስም ሁሉ ሳትመረምር የጊት ትእዛዝ ነው ብላ ትቀበላለች፤ የሥር ሰረዙን በጭረት ትተካለች፤ አማራጮቹን ወደ ጊት አጻጻፍ ትለውጣለች፤ ከዚያ ጊትን አስነሥታ የተናገረውን መልሳ ታመጣለች። ነገ ጊት አዲስ ትእዛዝ ቢጨምር ግሪት ሳትነካ ታውቀዋለች።

ፕሬስተን ወርነር በዚያ ዓመት ከሩቢ ፕሮግራመሮች ስብሰባ በኋላ አንድ ስፖርት ባር ውስጥ ለክሪስ ዋንስትራት ግሪትን አሳየው፤ በላይዋም ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ ሊሠራ እንደሚችል ነገረው። ማታና ቅዳሜ እየሠሩ ኤፕሪል 2008 ጊትሃብን ለሕዝብ ከፈቱ። ተጠቃሚው አንድ ፎልደር ሲከፍት፣ የኮሚት ዝርዝር ሲያይ፣ ከጀርባ ግሪት ጊትን እየጠራች፣ ጊት የተናገረውን እያነበበች ወደ ድረ ገጽ ትለውጥ ነበር። በ2018 ማይክሮሶፍት በ7.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ድርጅት የቆመው በእንዲህ ያለ ቀጭን ምሶሶ ላይ ነው።

ለሰው በተዘጋጀ ትእዛዝና ጽሑፍ ላይ ስክሪፕት ሲደገፍ ግን ዕዳ አለው። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ኦገስት 2008 መጣ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የጊት ትእዛዝ ስሙ ከ«ጊት» ጋር በጭረት ተያይዞ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሆኖ በሁሉም ቦታ ይገኝ ነበር። ጊት 1.6.0 እነዚያን ሰብስቦ ከዋናው መንገድ ላይ አነሣቸው፤ አንድ «ጊት» ብቻ ደጅ ላይ ቀረ። ቀድሞ የተነገረ ነገር ቢሆንም፣ በየሰዉ ኮምፒውተር ውስጥ ተኝተው የነበሩ ስክሪፕቶች በየፊናቸው ተሰናከሉ፤ ቁጣውም እንደዚያው። በ2010 ጊት 1.7.0 የተቀየሩትን ፋይሎች ለሚዘረዝረው «ስታተስ» ትእዛዝ ለስክሪፕቶች የተለየ መልስ አዘጋጀ፤ ለሰው የሚነገረው ቢለዋወጥም ይኸኛው አይለወጥም የሚል ቃል ኪዳን ያለው። አማራጩን «ፖርሴሊን» አሉት፤ ለሸክላ ሠሪዎች የተዘጋጀ ለማለት ነው። ስሙ ግን ከተጠበቀው ተቃራኒ የሚመስለው ሰው ዛሬም አይጠፋም። በ2012 ጊት በሌሎች ቋንቋዎች መናገር ሲጀምር የቃል ኪዳኑ ጥቅም ታየ። «ደህና ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይፈልግ የነበረ ስክሪፕት፣ ጀርመንኛ በሚናገር ኮምፒውተር ላይ ሲሄድ የሚያነበው ያጣል።

የእኛ ፊደል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አንድ ሰው ፋይሉን «ደብዳቤ» ብሎ ሰይሞ የጊትን ዝርዝር ቢጠይቅ ስሙን አያገኘውም። ጊት በላቲን መሠረታዊ ሆሄያት ውስጥ የሌለውን ሁሉ እንዳይበላሽ በማለት በቁጥር ይጽፈዋል። አንድ የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ «ደ» ብቻዋን 341፣ 213፣ 260 ትሆናለች፤ ቃሉ በጠቅላላ 12 ቁጥር ይሆናል፣ በጥቅስ ምልክት ታስሮ። ስክሪፕቱ ያን ስም እንዳለ ወስዶ ፋይሉን ለመክፈት ቢሞክር «የለም» ይባላል። መፍትሔው ከጊት ቅንብር ውስጥ «ኮት ፓዝ» የሚለውን ማጥፋት ነው፤ ከዚያም የሚሻለው ስሞቹ በባዶ ባይት ብቻ ተለያይተው እንዲወጡ ማዘዝ። እንዲህ ከሆነ አማርኛም ይምጣ፣ ክፍት ቦታ ያለበት ስምም ይምጣ፣ እንዳለ ያልፋል።

ጊትሃብ ሲያድግ ግሪት ከበዳት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ የጊት ፕሮግራም መቀስቀስ ጊዜ ይፈጃል፤ የሚቀሰቅሰው የሩቢ ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ውስጥ ሰፊ ቦታ የያዘ ከሆነ ደግሞ ራሱን አባዝቶ ልጅ ማውጣቱ ብቻ ሸክም ነው። በ2008 ሾን ፒርስ የጊትን ሥራ ከሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ በቀጥታ የሚሠራ ሊብጊት2 የተባለ የሲ ላይብረሪ ጀምሮ ነበር፤ በ2010 ቪሰንት ማርቲ ነፍስ ዘራበት። ላይብረሪውን ለሩቢ የሚያደርሰው ረግድ የተባለ ሞጁል መጣ። ከዚያ በኋላ የግሪትን ገጽ የከፈተ ሰው የሚያገኘው አጭር ማስታወቂያ ነው፤ ሥራው መቆሙን ነግሮ ወደ ረግድ ይመራል።

የጊት የራሱ ስክሪፕቶችም ተራቸው ደረሰ። ዕድሜያቸውን ያሳጠረው ዊንዶውስ ነው። የሼል ስክሪፕት በሊኑክስ ላይ ትንንሽ ፕሮግራሞችን በደርዘን ቢቀሰቅስ ብዙም አይሰማም፤ በዊንዶውስ ላይ ግን የዩኒክስን ጠባይ በሚያስመስል ንብርብር ውስጥ ስለሚያልፍ እያንዳንዱ ቅስቀሳ ያስጠብቃል። የዊንዶውሱን ጊት የሚንከባከበው ዮሐነስ ሺንደሊን ከሌሎች ጋር ሆኖ ስክሪፕቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሲ ለማዞር ለዓመታት ገፋ፤ ብዙ ሥራም በጉግል የክረምት ፕሮግራም የገቡ ተማሪዎች ሠሩ። «ሪቤዝ» የተባለው ትእዛዝ በ2018 መጨረሻ በጊት 2.20፣ «ስታሽ» የተባለው በ2019 በጊት 2.22 ወደ ሲ ገቡ። ቢሴክትም ቆይቶ ተከተለ። ተጠቃሚው ከፍጥነቱ በቀር ለውጥ አላየም፤ በ2005 «ስክሪፕት» የሚለውን ቅጥያ የቆረጡት ሰዎች ያሰቡት ይህንኑ ነበር።

አንዱ ግን በሲ ሳይሆን በሌላ ስክሪፕት ነው የተሸነፈው። «ፊልተር ብራንች» የጠቅላላውን ታሪክ ኮሚት በኮሚት እያነሣ እንደገና የሚጽፍ ትእዛዝ ነው፤ ለምሳሌ በስሕተት የገባ የይለፍ ቃል ከታሪክ ውስጥ እንዲጠፋ። መነሻው ባውዲሽ ለኮጊቶ የጻፈው ስክሪፕት ነበር፤ በ2007 ወደ ጊት ተሻገረ። ለእያንዳንዱ ኮሚት ሼል ስለሚያስኬድ ትልቅ ማኅደር ላይ ለሰዓታት ይንተፋተፋል፤ ሳይታወቅ ነገር የማበላሸት ዓመልም አለው። ኤላይጃ ኒውረን በፓይተን፣ በአንድ ፋይል፣ «ፊልተር ሪፖ»ን ጻፈ። በ2019 የጊት የራሱ መመሪያ ተጠቃሚዎች ፊልተር ብራንችን ትተው ወደዚህ እንዲሄዱ መምከር ጀመረ፤ የገዛ ቤቱ ያልሆነን መሣሪያ ከገዛ ልጁ አስበልጦ።

የቀሩም አሉ። በየጥቂት ወሩ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ሲወጣ ለሁለት ሳምንት በር ይከፈታል፤ የየክፍሉ ኃላፊዎች ያጠራቀሙትን ሥራ ቶርቫልድስ ወደ ራሱ ማኅደር እንዲስብ በኢሜይል ይጠይቁታል። የኢሜይሉን ጽሑፍ፣ ማለትም ከየት ወዴት እንደሚሳብ፣ ማን ስንት ለውጥ እንዳደረገና የትኞቹ ፋይሎች እንደተነኩ የሚያዘጋጅላቸው «ሪኩዌስት ፑል» የሚባለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ እስከ ዛሬ የሼል ስክሪፕት ነው። ከመግቢያው መስመሮች በአንዱ ላይም በ2005 ክረምት የተለቀመውን ያንኑ ረዳት ፋይል፣ ጊት ኤስኤች ሴትአፕን፣ ይጭናል።